ዘይቱ ከዐይን ቆብ ምን ያህል ይራቅ?

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ለውበት ሳሎን ባለሙያዎችና ለደንበኞቻቸው ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ከአዳራሹ የተነሡትን ጥያቄዎችም መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አላችሁ? ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰው ስለ ዐይኑ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ “ዐይኔን እያሳከከኝ ነው፣ ጠብታ ይኖራል?” ነበር። አሁን መጀመሪያ ስልክ ይወጣል። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ከትንሽ ቡናማ ጠርሙስ ጠብታ ወስዳ ሽፋሽፍቷ ሥር ትቀባለች። “ይኼ ዘይት አላችሁ?” ይሉኛል። አንዳንዶቹ ዘይቱን የሰሙት ሳሎን ውስጥ ነው። ይህን ያነሣሁት ልወቅሳችሁ አይደለም። ደንበኛ የሚያሳክካትን ዐይን ከሐኪም በፊት የምታሳየው ለእናንተ ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር መነጋገር የፈለግሁትም ለዚህ ነው።

ዋናውን ነገር ከፊት ልንገራችሁ፤ ቀድሞ የሚወጣ ሰው ካለ እሱን ይዞ ይሂድ። ከጠርሙሱ እንደወጣ ያለ ኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም የተክል መዓዛ የያዘ ዘይት፣ ዐይን ቆብ ላይ አይደረግም። ዐይን ውስጥ ደግሞ ቀጠነም አልቀጠነም አይገባም። ለዐይን ቆብ ችግር ይጠቅም እንደሆነ ከሌሎቹ ይበልጥ የተሞከረ አንድ የመዓዛ ዘይት አለ፤ ቲ ትሪ ይባላል። እሱም ቢሆን የሚሞከረው ቤት ውስጥ የተቀላቀለው ሳይሆን ለዐይን ቆብ ተብሎ ተመጥኖ የተሠራው ነው። አሁን ምክንያቱን ልዘርዝር።

የትኛውን ዘይት ነው የምንለው?

ሁለት ዓይነት ዘይት አለ። ጠርሙሳቸው ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታቸዋል።

አንደኛው ከፍሬ ተጨምቆ የሚወጣው ነው። የጉሎ፣ የወይራ፣ የኮኮናት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት። እነዚህ ወፈር ይላሉ፣ በቀላሉም አይተንኑም። ሁለተኛው የተክሉን መዓዛ የያዘው ነው። ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከልጣጭ ወይም ከሙጫ ይወጣል። ባሕር ዛፍ፣ ላቬንደር፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጠጅ ሳር፣ ቅርንፉድ፣ ዕጣን። አብዛኛው የሚወጣው አረቄ እንደሚወጣው ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይሞቃል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከውሃው ይለያል። ኢሴንሻል ኦይል የምንለው ይህን ነው። ከአንድ ኪሎ ቅጠል የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ኃይሉ የተከማቸ ነው። ቅጠሉን እቤት ስናፈላው ምንም አላደረገንም ማለት ዘይቱም ምንም አያደርገንም ማለት አይደለም።

እኛም አገር እነዚህ ተክሎች ሞልተዋል። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛ ተክሎች ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ለሳሙና፣ ለሽቶ፣ ለቤት ማጽጃ ዘይቶቹ ትልቅ ሀብት ናቸው። እኔም ላቬንደር እወዳለሁ። የምከራከረው ስለ ቦታውና ስለ መጠኑ ነው።

እጃችሁ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና ተዉት። ተጨምቆ የወጣ ዘይት ቅባታማ ምልክቱን ትቶ ይቀመጣል። ተኖ የሚያልቅ የመዓዛ ዘይት ከሆነ አብዛኛው ይጠፋል፤ የሚቀረው ምልክት ትንሽ ነው። ላቬንደር ተብሎ የተሸጠላችሁ ዘይት በነጋታው ወረቀቱን እንዳወዛው ካገኛችሁት ሌላ ዘይት ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ካርቶኑ ላይ “ለሕክምና ደረጃ የበቃ” የሚል ጽሑፍም አያታልላችሁ። እንዲህ ያለ ደረጃ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም። ሻጮች ለራሳቸው የሚሰጡት ስም ነው።

ዐይን ቆብ ለምን ይለያል?

የዐይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ ስስ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክንድ ላይ ምንም ያላደረገ ነገር እዚህ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ለዚህ ነው ክንዳችሁ ላይ ሞክራችሁ ምንም ካልሆናችሁ ዐይን ቆብ ላይም ደኅና ነው ብሎ መደምደም የማይቻለው።

ሌላም ነገር አለ። በላይኛውና በታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ ተደርድረው የሚገኙ ጥቃቅን የቅባት ዕጢዎች አሉ። በእያንዳንዱ ቆብ ከ20 በላይ ናቸው። ዐይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ትንሽ ቅባት እንባው ላይ ይለቃሉ። ይህ ቅባት እንባው ቶሎ እንዳይተን ይጠብቀዋል። እነዚህ ዕጢዎች ሲደፈኑ ወይም ሲቆጡ ዐይን ይደርቃል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል።

አሁን ቆቡ ላይ የቀባችሁት ዘይት የት እንደሚሄድ አስቡት። ዘይት የተቀባበት አይቆምም። በሰውነት ሙቀት ይሳሳል፣ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ወደ ጠርዙ ይሳባል፣ ከዚያ እንባው ላይ ይንሳፈፋል። እንባው ደግሞ የዐይን ብሌንን ፊት ያጥባል። ብሌን ፊት ለፊት ያለው ግልጽ ሽፋን እጅግ ብዙ ነርቭ ያለበት ነው። የመዓዛ ዘይት ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ስብ ስለሚያሟሙ የዚህን ሽፋን ላይኛ ሕዋሳት ይጎዳሉ። ያቃጥላል፣ እንባ ይወርዳል፣ ዐይን ይቀላል፣ ብርሃን ማየት ያስቸግራል። “ከሽፋሽፍቱ ራቅ አድርጌ ነው የቀባሁት” የሚለው መልስ ለዚህ አያዋጣም።

መጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው?

ከዘይቱ ክርክር ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼኛው ነው። ሰው ዘይት የሚቀባው ምን እንደያዘው ሳያውቅ ነው። ዐይን ቆብ ያሳክካል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ግን ምክንያቱ ብዙ ነው።

የቆብ ጠርዝ ሲቆጣ ሐኪሞች ብሌፋራይቲስ ይሉታል። ጠዋት ዐይናር ሽፋሽፍቱን ያጣብቀዋል። የሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር ይይዛል። ይህ አንዴ ታክሞ የሚያበቃ ነገር ሳይሆን እየሄደ እየመጣ የሚቆይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚረጋጋው በመድኃኒት ሳይሆን በየዕለቱ በማጽዳትና በሙቀት ነው።

ከዚህ ውስጥ አንዱ ዓይነት ዴሞዴክስ በሚባሉ ጥቃቅን ተባዮች የሚባባሰው ነው። ርዝመታቸው አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያለ መሣሪያ አይታዩም። በሽፋሽፍት ሥርና በቅባት ዕጢዎች ውስጥ ይኖራሉ። ዕድሜያችን ሲጨምር በቁጥር ይበዛሉ። ብዙ ሰው ዘንድ ምንም ሳያደርጉ ይኖራሉ፣ ስለዚህ አትደንግጡ። ሲበዙ ግን ያሳክካሉ። ምልክታቸው የሽፋሽፍቱን ሥር ዙሪያውን የከበበ ሰም የመሰለ ቅርፊት ነው። በማጉያ መስታወት ሥር ስለምትሠሩ ይህን ከማንም ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ብጉንጅ ደግሞ ሌላ ነው። ቆቡ ጫፍ ላይ ድንገት ይወጣል፣ ያማል፣ ይቀላል። የሽፋሽፍት ሥር ወይም ዕጢ ሲመረቅዝ የሚመጣ ነው። ሳያም ውስጥ ለውስጥ ጠጠር ብሎ የሚቀመጥ እብጠትም አለ። እሱ የተደፈነ ዕጢ ነው። አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ የሚያብጥ ከሆነ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ፣ የዐይን ሐኪም ማየት አለበት። አልፎ አልፎ ካንሰር እንዲህ መስሎ ይመጣልና።

አለርጂ በእናንተ ሥራ ውስጥ ብዙ ነው። የፀጉር ቀለም ተቀብታ ጭንቅላቷን ምንም ሳይላት ዐይን ቆቧ ብቻ የሚያብጥባት ሴት አለች። ጥፍሯን የተቀባችው ቀለም ጣቷን ሳይነካት ዐይኗን ባሸችበት ቆብ ላይ የሚወጣባትም አለች። በነዚህ ሴቶች ቆብ ላይ ላቬንደር መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ላቬንደርና የሎሚ ዘይት ራሳቸው አየር ሲነካቸውና ሲያረጁ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮች ይፈጥራሉ። ከፍታችሁ ለዓመት ያስቀመጣችሁት ጠርሙስ ከአዲሱ የባሰ ነው።

በመጨረሻ የዐይን ማዝ፣ ትራኮማ፣ አለ። በዓለም ላይ ትራኮማ ከሁሉ በላይ የሚያጠቃት አገር የእኛ ናት። ከገጠር የመጣች እናት ወይም አክስት “ፀጉር ዐይኔን ይወጋኛል” ካለቻችሁ ይህ ቀላል ማሳከክ አይደለም። በልጅነት የተደጋገመው ኢንፌክሽን የቆቡን ውስጥ አጠባብሶ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አጥፎታል። ፀጉሩ ብሌኑን በየቀኑ ይፍቃል። ብዙዎች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይቆያሉ። እባካችሁ እናንተ ወረንጦ አታንሡላቸው፣ ዘይትም አትቀቡላቸው። ጤና ጣቢያ ላኳቸው። ቆቡን የሚያስተካክል አጭር ቀዶ ሕክምና አለ። የሠለጠኑ ነርሶችም ይሠሩታል። ብሌኑ ጠባሳ ሳይዝ ከደረሱ ማየታቸውን ያድናል።

የቲ ትሪ ነገር

አሁን ወደዚያ አንድ ዘይት ልምጣ። ቲ ትሪ ኦይል ይባላል። ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም። አውስትራሊያ ውስጥ ከሚበቅል ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ማያሚ ያሉ የዐይን ሐኪሞች ዴሞዴክስን ከሽፋሽፍት ላይ ነቅለው በልዩ ልዩ ፈሳሾች ውስጥ አስቀመጡት። በሕፃን ሻምፖ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በሕይወት ቆየ። ግማሽ በግማሽ በተቀጠነ ቲ ትሪ ውስጥ 15 ደቂቃ ገደማ፣ ባልተቀጠነው ውስጥ ደግሞ 4 ደቂቃ ገደማ ነው የቆየው። ዛሬ በየቪዲዮው የምታዩት ወሬ ሥሩ ይህ ነው።

ችግሩ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው “ይገድላል” የሚለውን ብቻ መሆኑ ነው። ተባዩ የሞተው በመስታወት ላይ እንጂ ዐይን ላይ አልነበረም። እነዚያ ሐኪሞች ሰው ላይ ሲጠቀሙበትም ግማሽ በግማሽ የቀጠነውን በክሊኒክ ውስጥ፣ ቆቡን ራሳቸው እያጸዱ፣ በሽተኛውን እያዩ ነበር። ለቤት የሰጡት በጣም የቀለለ ሻምፖ ነው። ክሊኒኩን ትቶ 50 በመቶውን ብቻ ወደ መታጠቢያ ቤት ማምጣት አደጋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በዘይቱ ውስጥ ዋናው ተባይ ገዳይ ቴርፒነን-4-ኦል የሚባለው ንጥረ ነገር እንደሆነ ታወቀ። እሱን ብቻ ለይተው የያዙ የቆብ መጥረጊያዎችም ወጡ። በ2020 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በቲ ትሪ ላይ የተደረጉ 6 ጥናቶችን መረመረ። በድምሩ 562 ሰዎች ነበሩባቸው። ውጤቱ የሚያኩራራ አይደለም። ይጠቅማል ለማለት ማስረጃው ደካማ ነው አሉ። ዐይን እንዳይቆጣ አነስ ያለው መጠን ሊመረጥ እንደሚችልም ጠቆሙ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የላቦራቶሪ ጥናት ደግሞ ቴርፒነን-4-ኦል የዐይን ቆብ ዕጢ ሕዋሳትን ራሳቸውን ሊጎዳ እንደሚችል አሳየ። ተባዩን የሚገድለው ነገር ዕጢውንም ይነካል ማለት ነው።

በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተባይ ሎቲላነር የሚባል የዐይን ጠብታ ተፈቅዷል። በቀን ሁለቴ ለ6 ሳምንት የሚደረግ ነው። የተባዩ ዕድሜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሆነ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚደረግ ሕክምና አይበቃውም። ከውጭ በዘመድ የሚመጣላችሁ ካለ ያለ ሐኪም አትጀምሩት። እዚህ አገር የተመዘገበ መሆን አለመሆኑንም ፋርማሲ ጠይቁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ዴሞዴክስ መኖሩን የዐይን ሐኪም ካረጋገጠ፣ ቲ ትሪ ወይም ቴርፒነን-4-ኦል ያለበት ለዐይን ቆብ የተሠራ መጥረጊያ መሞከር ይቻላል። ዐይን ተጨፍኖ፣ ጠርዙ ብቻ ተጠርጎ፣ መመሪያው እንዳለው። መጀመሪያ ትንሽ መቆጥቆጥ ሊኖር ይችላል። ቃጠሎው ካልቆመ፣ ቆቡ ካበጠ ወይም ዐይኑ ከደረቀ ይቋረጣል። ሕፃናት ላይ አይሞከርም። ኮንታክት ሌንስ ያደረገ ሰው ሌንሱን ያወጣል።

“በኮኮናት ዘይት ባቀጥነውስ?” የሚል ሁልጊዜ አለ። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንዲት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ የወይራ ዘይት ውስጥ አንድ ጠብታ ጨምራችሁ 1 በመቶ ይሆናል። ለፊት ቆዳ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ከዚህ ያልበለጠ ነው። ግን የጠብታው መጠን እንደ ጠርሙሱ አፍ ይለያያል። አንድ ጠብታ በስሕተት ሦስት ከሆነ መጠኑ ሦስት እጥፍ ሆነ። ቤት የተቀላቀለው ንጹሕ አይደለም፣ የተፈተነም አይደለም። ከሁሉ የከፋው በውሃ ማቅጠን ነው። ዘይት ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ጠብታው እንዳለ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ጨርቁን ስትነክሩ የምታነሡት ያልተቀጠነውን ነው።

ለደንበኛ ምን እንበል?

ቆቧ የተቆጣ ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት አትሥሩላት። ገቢ እንደሚቀር አውቃለሁ። ቆቡ እስኪረጋጋ ቀጠሮ ማሸጋገር ግን ደንበኛዋን ያቆይላችኋል።

ከዚያ ሙቀትና ንጽሕና። ንጹሕ ጨርቅ ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ በተጨፈነ ዐይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ታድርግ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ትንከረው። ሙቀቱን አስቀድማ በእጇ አንጓ ትፈትን፤ ቆብ በቀላሉ ይቃጠላል። ሙቀቱ ዕጢውን የደፈነውን ቅባት ያለሰልሳል። ቀጥላ በንጹሕ ጣት ቆቡን በስሱ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ ትሽ፤ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ። ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጥቂት የሕፃን ሻምፖ ጨምራ የሽፋሽፍቱን ሥር በንጹሕ ጎዝ ትጥረግ። ለእያንዳንዱ ዐይን የተለየ ጎዝ። ሲቆጣ በቀን ሁለቴ፣ ሲሻል አንዴ። መዓዛ ያለው ምንም ነገር አያስፈልግም። ለብጉንጅም ሙቀቱ ያው ነው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። አይፈርጥም። አብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። ለሙጫው ተብሎ “ውሃ አታስነኪው” ይባላል። ለመጀመሪያው ቀን ይሁን። ግን ሴቶች ይህን ሰምተው ለሳምንታት ቆባቸውን ሳያጥቡ ይቆያሉ። ቅባት፣ ኩል፣ የሞተ ቆዳ ሥሩ ላይ ይከማቻል። ያ ክምችት ነው የሚያሳክከው፣ ለተባዩም የሚመቸው። ከዚያ ማሳከኩን ለማጥፋት ዘይት ይፈለጋል፤ ዘይቱ ደግሞ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ደንበኛችሁን ቅባት በሌለው ለስላሳ ማጽጃ በየቀኑ እንድታጥበው አስተምሯት። ሥራችሁም ይቆያል፣ ቆቧም ይድናል።

ያበጠው ቆብ ሙሉ በሙሉ ከቀላና ትኩሳት ካለ፣ ዐይን ሲንቀሳቀስ ካመመ፣ ዐይኑ ወደ ፊት ከወጣ ወይም ማየት ከቀነሰ ግን ጨርቅም ሻምፖም ይቅር። በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ዘይት ዐይን ውስጥ ከገባ

ይህ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰው አስቦ ሳይሆን ጠርሙስ ተምታቶበት ነው። የዐይን ጠብታና የመዓዛ ዘይት ጠርሙስ ትንሽ፣ ጠብ የሚያደርግ አፍ ያለው ነው። የጥፍርና የሽፋሽፍት ሙጫም እንደዚሁ። ሌሊት መብራት ሳይበራ ከአንድ መሳቢያ ሲነሣ ሁሉም አንድ ነው። የዐይን ጠብታችሁን ለብቻው አስቀምጡ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሙጫና ዘይት ደንበኛ ከምትደርስበት ይራቅ።

ከገባ ወዲያው ውሃ። ንጹሕ፣ ለብ ያለ ወይም በጣም ያልቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ። ኮንታክት ሌንስ ካለ ይውጣ። ጭንቅላት ወደ ጎን ዘንበል ይበልና ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ጤነኛው ዐይን ውስጥ እንዳይገባ። ቢያንስ 15 ደቂቃ በሰዓት ቆጥራችሁ። ቆቡን በጣት ከፍታችሁ ያዙ፣ ዐይን አይታሽ። “ዘይትን የሚያጥበው ዘይት ነው” ብለው ወተት ወይም የወይራ ዘይት እስኪገኝ የሚጠብቁ አሉ። አትጠብቁ። ከቆቡ ውጭ ያለውን ቆዳ በዘይት መጥረግ ይቻላል፤ ዐይን የሚታጠበው ግን በውሃ ነው። ከታጠበ በኋላ ሕመሙ፣ መቅላቱ ወይም መደብዘዙ ካልተወ የዐይን ክሊኒክ ሂዱ፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ልጅ ከጠጣው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። የባሕር ዛፍና የካምፎር ዘይት በትንሽ መጠን ሕፃን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። እንዲያስታውከው አታድርጉ፣ ሆስፒታል ሩጡ።

ከአዳራሹ የተነሡ ጥያቄዎች

አንዲት እናት ስለ ጉሎ ዘይት ጠየቁኝ። ሽፋሽፍት ያሳድጋል ይባላል። ያሳድጋል የሚል አጥጋቢ ማስረጃ የለም። ጉሎ የመዓዛ ዘይት አይደለም፣ ስለዚህ እንደ ቲ ትሪ አያቃጥልም። ለተቆጣ ቆብ ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ 26 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት ጥሩ ነገር አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ዘይቱም የተመረጠና ንጹሕ ነበር። ከገበያ በላስቲክ ጠርሙስ የተገዛ የጉሎ ዘይት ያ አይደለም። ጥቁር አዝሙድም ከፍሬ የተጨመቀ ቢሆንም ውስጡ ቆዳ የሚቆጣ ነገር አለው። ዐይን አካባቢ አይሁን።

አንድ ወንድም ደግሞ እናቱ ምች ሲመታቸው ዳማከሴ አሽተው ጭማቂውን ዐይናቸው ውስጥ እንደሚያደርጉ ነገረኝ። “ልከልክላት?” አለ። ዳማከሴውን አትከልክላቸው። ያሽትቱት። ዐይን ውስጥ መጨመሩን ግን እንዲተዉ በአክብሮት ንገራቸው። ትኩስ ቅጠል ከነአፈሩና ከነሻጋታው ነው የሚታሸው። ብሌን ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ከተክል የሚመጣ ፈንገስ እዚያ ገብቶ ቁስል ያደርጋል። እንዲህ ያለው ቁስል ለማከም እጅግ ከባድ ነው። ጤና አዳም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል፤ ከሎሚ ልጣጭ የሚወጡ አንዳንድ ዘይቶችም እንዲሁ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ብርቱ ነው።

ስለ መታጠንም ተጠየቅሁ። ለጉንፋን ባሕር ዛፍ የሚታጠን ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ይታጠን፣ ከድስቱም ራቅ ይበል። ልጆችን ብርድ ልብስ ሥር አስገብቶ ማጠን ግን ይቅር፤ በሙቅ ውሃ የሚቃጠሉት ብዙ ናቸው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ በቅርቡ የወለደች ናት። የልጇ ዐይን ይጣበቃል። ጎረቤት የጡት ወተት፣ ሌላዋ ደግሞ አንድ ጠብታ ላቬንደር በውሃ መክረዋታል። ሁለቱም አይሆንም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆቡ ያበጠና መግል የሚወጣው ሕፃን በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መታየት አለበት፤ ከወሊድ የሚመጣ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ ብሌኑን ሊጎዳ ይችላልና። እንደተወለደ ቴትራሳይክሊን ቅባት ዐይኑ ላይ የሚደረግለትም ለዚህ ነው። ዐይኑ ሳይቀላ፣ ቆቡ ሳያብጥ፣ እንባና ትንሽ ዐይናር ብቻ ካለው ደግሞ የእንባ መውረጃው ገና አልተከፈተ ይሆናል። እሱንም ሐኪም አይቶ ካረጋገጠ በኋላ፣ እናትየዋ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እየጠረገች፣ ሐኪሙ እንዳሳያት የአፍንጫውን ሥር በትንሿ ጣቷ በስሱ እያሸች ትቆያለች። አብዛኞቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይከፈትላቸዋል።